የሚያንሾካሹክ እራቱን ውጭ ይብላ

ጥቅምት 6

ለእህቴ ለመርፌ፤

ይህች ወረቀት እጅሽ ስትገባ ከነስፌት መኪናሽ፣ ከነክርሽ፣ ከነደንበኞችሽ ደህና ሆነሽ ታግኝሽ። እቴቴን ግንባሯንና ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። እኔ ከብርዱና ከሥራው ብዛት በቀር አምላክ ይመስገን አለሁ።

የላክሽው ካሴት ደረሰኝ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ በአክስቴ በእቴቴ ድምፅ የነቃሁ፣ በእሷ ድምፅ የተኛሁ ሰው ነኝና፣ ካሴቱን ከፖስታው አውጥቼ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ ከፈትኩት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ብሰማው ግን የምትናገሪው አንቺ ብቻ ነሽ። «እቴቴ ደህና ናት፤ ሰላም ትልሃለች፤ የጓሮውን ክፍሎች ለመሸጥ ስላሰበች የውክልና ወረቀት ፈርመህ ላክልኝ ትልሃለች።» ትልሃለች፣ ትልሃለች! እሷ ራሷ ለምን አላለችኝም? ቤቱ በእሷና በእናቴ ስም ስለሆነ ያለ እኔ ፊርማ እንደማይሸጥ አውቃለሁ። እምቢ አላልኩም። ከአፏ ልስማው ነው የምለው።

ሌላም ነገር አለ። ሥራዬ ጆሮ መመርመር መሆኑን ታውቂያለሽ፤ እንዴት እንደምመረምር ግን ነግሬሽ አላውቅም። ወደ መሣሪያው ከመሄዳችን በፊት አንድ ቀላል ነገር እናደርጋለን። ሰውየውን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ከንፈሬን እንዳያይ ከኋላው አንድ ክንድ ያህል ርቄ እቆማለሁ። አንድ ጆሮውን በጣቱ ይደፍናል። ከዚያ በሹክሹክታ «በር» እላለሁ፤ «ወተት» እላለሁ፤ «ድንጋይ» እላለሁ። እሱ የሰማውን ጮክ ብሎ ይደግማል። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጀርባ እያንሾካሾክሁ ደመወዝ እቀበላለሁ ብልሽ አልዋሸሁም።

ስለዚህ ከኋላው የተነገረውን የሚደግም ሰው እንዴት እንደሚናገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ቆም ይላል፤ ያዳምጣል፤ ከዚያ ይናገራል። አንቺም በካሴቱ ላይ የምትናገሪው እንዲያ ነው። ጥርጣሬ ሲገባኝ ካሴቱን መሥሪያ ቤት ወስጄ በትልቁ የጆሮ ማድመጫ ሰማሁት። ቆም ባልሽበት ቦታ ሁሉ አንድ ሹክሹክታ አለ። ከኋላሽ የቆመው ማነው?

ክፉ አስቤ አይደለም፤ እንዲያው ልጠይቅ ብዬ ነው።

ወንድምሽ ጆሮ

---

ኅዳር 11

ለጋሼ ጆሮ፤

ሰላምታዬ ከፖስተኛው ቀድሞ ይድረስህ። አምላክ ብርዱን ያቅልልህ፤ ጤናህን ያብዛልህ። እኛ ደህና ነን። እቴቴም ደህና ናት።

እቴቴ «ጆሮ» ብላ ስም ያወጣችልህ በከንቱ አይደለም። ልጅ ሆነህ ከበር ኋላ ቆመህ የትልቅ ሰው ወሬ ስትለቅም ይዛህ፣ በዚያው በጆሮህ ጎትታ ነው ወደ ቤት ያስገባችህ አሉ። አድገህም አልተውከው፤ ይኸው ባሕር ተሻግረህ ከበር ኋላ ቆመሃል።

ሹክሹክታ ሰማሁ ትላለህ። ወንድሜ፣ የልብስ ሰፊ ቤት ያለ ሹክሹክታ ውሎ ያውቃል? የአንዷን ወገብ ለክቼ ቁጥሩን ጮክ ብዬ ብጠራው ሁለተኛ ደጄን አትረግጥም። ሙሽሪት እናቷን ወደ ውጭ ሰድዳ «ወገቡን ትንሽ ልቀቂልኝ፤ ለምን ብለሽ ግን እንዳትጠይቂኝ» ብላ በጆሮዬ ሹክ ትለኛለች። አማች ስለ ምራት፣ ምራት ስለ አማች፣ በየተራ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያንሾካሹካሉ፤ እኔ አፌን መርፌ ሞልቼ «እምም» እላለሁ። ከእኔ ቤት ውጭስ? ልጅ የተኛበት ቤት ያንሾካሹካል። በሐኪም ቤት ኮሪደር ጤነኛውም በሽተኛውም ያንሾካሹካል። በየመሥሪያ ቤቱ ሰልፍ ላይ «በዚያኛው መስኮት ይፈጥናል» ብሎ ሹክ የሚልህ ሰው እኮ ወዳጅህ ነው! እናንተ ዘንድ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚነገረው ክፉ ነገር ብቻ ነው እንዴ?

ያን ቀን የሰማኸው የተከራይዋን ነው። ሕፃኗ በስንት መከራ ተኝታ ስለነበር «ቀስ በይ» ትለኝ ነበር።

ስለ ካሴቱ ለእቴቴ ብነግራት እጇን አወናጨፈች። ከዕድሜዋ ጋር ወሬ ቀንሳለች፤ ቴፕ ፊት መቀመጥም ሰልችቷታል። የውክልናውን ወረቀት ግን አደራ፣ አታዘግየው።

መርፌ

---

ታኅሣሥ 8

ለመርፌ፤

እንደምን ከርመሻል? አምላክ ከክፉ ሰው ይጠብቅሽ፤ እኔንም ይጠብቀኝ።

በሰኔ የጻፍሽልኝን ደብዳቤ አላጣሁትም። «ተከራይዋ ሕፃኗን ይዛ ወደ ባሏ ቤተሰቦች ሄደች፤ ክፍሉ ባዶ ነው» ብለሽኝ ነበር። ታዲያ በጥቅምት የተኛችው ሕፃን ከየት መጣች?

እቴቴ ወሬ ቀነሰች ያልሽውን ደግሞ ማንን እንደምታሞኚበት አላውቅም። እቴቴ! በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ማሽን ጩኸት ላይ ጮኻ እየተጫወተች ያረጀችውን፣ ሠራተኛው ሁሉ «ጥሩምባ» የሚላትን ሴት? እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከፋብሪካው አጥር ውጭ ቆሜ ስትስቅ እሰማት ነበር። ቤት ስትገባም ድምፅዋን መቀነስ አታውቅም። «ደህና እደር» ስትለኝ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ያድር ነበር።

ስለ ሹክሹክታ ደግሞ ያቺ ሴት ምን እንደምትል አንቺ በባሏ ወገን ስለመጣሽ፣ የመጣሽውም ዘግይተሽ ስለሆነ ላታውቂ ትችያለሽ። በፋብሪካው ውስጥ አንድ ሹክ ባይ ነበር፤ ለአለቃው በጆሮው እየነገረ የልብ ጓደኛዋን ከሥራ ያስባረረባት። ከዚያ ወዲህ በቤቷ ሕግ አወጣች። «የሚያንሾካሹክ እራቱን ውጭ ይብላ!» ሕጉ ለእንግዳም ለልጅም አንድ ነበር። እኔ ራሴ ከጎረቤት ልጅ ጋር ሳንሾካሹክ ተገኝቼ ሳህኔን ይዤ ደጃፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ስለዚህ በእቴቴ ቤት፣ እቴቴ ባለችበት፣ እንደልቡ የሚያንሾካሹክ ሰው ካለ፣ ወይ ቤቱ የእሷ መሆኑ ቀርቷል ወይ እሷ እዚያ የለችም።

ካሴቱን እንደገና ወሰድኩት። ጩኸቱን እየቀነስኩ፣ ትንፋሹን እያጎላሁ ስሰማ ቃሉን ለየሁት። «ፊርማውን ጠይቂው። ሌላ እንዳትነግሪው» ይላል። እዚያ ላይ ማሽኑን አጠፋሁት፤ ከዚያ በላይ ለመስማት አልፈለግሁም።

ማነው እንዲህ የሚያዝሽ? ደላላ ነው? ገዥው ነው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። የልጅነት ጓደኛዬ መካኒኩ በቅርቡ ብቅ ይላል፤ እቴቴን በዓይኑ አይቶ ይጽፍልኛል። እስከዚያ ድረስ ፊርማ የለም።

ጆሮ

---

ጥር 27

ለጋሼ ጆሮ፤

ቶሎ ያልመለስኩልህ ስናደድ ስለምሳደብ ነው። አሁን ትንሽ በርዶልኛል፤ ሰላም ለአንተ ይሁን።

መካኒክህ መጣ። ከነቅባቱ፣ ከነመፍቻው፣ መኪና ሊፈታ እንጂ ሰው ሊጠይቅ የመጣ አይመስልም። እቴቴ ተኝታ ነበርና ሌላ ቀን ይምጣ አልኩት። አንገቱን በእኔ ትከሻ ላይ አሻግሮ እንደ ቀረጥ ሠራተኛ ጓዳውን ሲፈትሽ በሩን ዘጋሁበት። ነግሮሃል መቼም። ይንገርህ።

በባሏ ወገን ነሽ፣ ዘግይተሽ መጣሽ አልከኝ። እውነት ነው፤ የባሏ ወንድም ልጅ ነኝ። ይህን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት። ልብሷን የማጥበው፣ ጸጉሯን የምሠራው፣ ሌሊት ስታስል ተነሥቼ የማስደግፋት እኔ በባሏ ወገን ነኝ። አንተ በደም ወገን ያለኸው ደግሞ ካሴት ታደምጣለህ።

ውሃ ቀጠነ ብለህ ልትጣላኝ ከፈለግህ መንገዱ ሰፊ ነው። እኔ ግን የምለው አንድ ነው፤ የያዝኩት ነገር አለ፤ የያዝኩትም በመሐላ ነው። መሐላ የበላሁለት ሰው እስኪፈታኝ ድረስ ብትቆራርጠኝ አልናገርም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ግን ነቀዝኩ።

የውክልናውን ወረቀት ተወው፤ ሁለተኛ አልጠይቅህም። ይልቅ ከተቻለህ አንዲት ትንሽ ደወል ላክልኝ። በእጅ የምትያዝ፣ ድምፅዋ ግን ከጓዳ እስከ ውጭ በር የሚሰማ። እዚህ ፈልጌ ያገኘሁት ወይ የቤተ ክርስቲያን ያህል ነው ወይ የድመት ያህል።

መርፌ

---

የካቲት 20

ለመርፌ፤

ሰላምታውን ዝለይው።

መካኒኩ ጻፈልኝ። በሩ ላይ ቆመሽ ስታነጋግሪው ከመጋረጃው ኋላ አንድ ሰው «ይሂድ በይው» ብሎ ሹክ አለሽ። አንቺም ወዲያው «ሌላ ቀን ና» አልሽው። ወንድ ይሁን ሴት አልለየም። የእቴቴ ድምፅ ግን አልነበረም፤ እሱም እንደ እኔ በጥሩምባዋ ያደገ ነው፣ አይሳሳትም። ተኝታ ነበር ትያለሽ። ሰው በሯን ሲያንኳኳ «ማነህ!» ብላ ሰፈሩን የምትቀሰቅስ ሴት ተኛች?

አሁን ደግሞ ደወል። ወረቀቱን ተወው፣ ደወል ላክ። ገዥው የሱቅ ደጃፍ ሊከፍትበት ነው? ደንበኛ ሊጠራበት ነው?

ከእንግዲህ አልሸፋፍንም። እቴቴ በሕይወት አለች? ሞታ ከሆነ ንገሪኝ፤ ቀብሯን እንኳ ያላየሁ ሰው አታድርጊኝ። ያለችም ከሆነ ማን ይዟት ነው? ማታ ማታ ይህን እያሰብኩ አድራለሁ፤ በሥራ ቦታ ከበሽተኛው ጀርባ ቆሜ ቃሉ ይጠፋብኛል።

መካኒኩ ያገናኘኝን ጠበቃ ይዣለሁ። ቀስ ብሎ፣ ሳትሰሚ፣ ከጎረቤቶች አጣርቷል፤ እቴቴን ከክረምት ወዲህ ደጅ ያያት የለም። በሚቀጥለው ወር የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ ይመጣል። እቴቴን ያወጣታል፤ አንቺም ስፌት መኪናሽን ይዘሽ ከዚያ ቤት ትወጫለሽ።

በዚህ ፖስታ ውስጥ ባዶ ካሴት አለ። የመጨረሻ ዕድል ነው። ረጅም ንግግር አልጠይቅም። ስሜን ትጥራኝ ብቻ።

ጆሮ

---

መጋቢት 12

ለጋሼ ጆሮ፤

አምላክ ልብህን ያጽናልህ። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ደብዳቤዎችህን ሁልጊዜ ለእቴቴ ጮክ ብዬ ነው የማነብላት፤ ዓይኗ ደክሟል። የክፉ ክፉውን እየዘለልኩ ነበር። የአሁኑን ግን «በሕይወት አለች?» ከሚለው ስደርስ ልለፈው ብል አልሆነልኝም። «ዘለልሽ» አለችኝ። በምን አወቅሽ ብላት «ትንፋሽሽ ተቆረጠ» አለች። እንዲህ ናት አሁን፤ ትንፋሽ ታነባለች። ሁሉንም አነበብኩላት። ሳበቃ «በይ ጻፊለት፤ ፈትቼሻለሁ» አለች።

ባለፈው ክረምት ድምፅዋ ሻከረ። ጉንፋን ነው ብላ ናቀችው። ከዚያ መዋጥ አቃታት። ሐኪሙ ጉሮሮዋ ውስጥ ያደገውን ክፉ ነገር ሲያወጣ የድምፅ አውታሮቿ አብረው ወጡ። ሕይወቷ ተርፏል፤ ትበላለች፤ ትስቃለች፤ ስትስቅ ግን ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። የቀራት ትንፋሽ ነው። ጥሩምባ የነበረችው ሴት ከሹክሹክታ በላይ የሚወጣት የለም።

ከኋላዬ የቆመችው እሷ ናት። በካሴቱም፣ በመጋረጃውም።

ያስማለችኝ ከሐኪም ቤት በወጣች ዕለት ነው። «ልጄ የሄደው ድምፄን ሰምቶ ነው። ያው ድምፄ እሱ ዘንድ ይቆይልኝ። አንቺ ስለ እኔ ተናገሪ፤ እኔ ከኋላሽ ሆኜ እነግርሻለሁ» አለች። ሹክሹክታ ቴፕ ውስጥ ይገባል ብላ አላሰበችም። የሰው ጆሮ ሐኪም አሳድጋ ይህን መርሳቷ! አንተ በማሽን ትንፋሿን ስትፈለፍል እኛ እዚህ «ደግ አልሰማም» እያልን ነበር። የጓሮውን ክፍሎች ልትሸጥ ያሰበችውም ለሕክምናዋ ነው፤ ሕመሟን ነግራ አንተን ላለማስጨነቅ ብላ። ደጅ አልወጣችም፤ ጎረቤት «ጥሩምባ፣ ምነው ዝም አልሽ?» እንዳይላት። ደወሉም ለእሷ ነበር። እኔ ውጭ ሆኜ ስትጣራ አልሰማትም፤ አንድ ቀን ወድቃ ልብስ እየዘመዘምኩ አልሰማኋትም። ያን ቀን አልረሳውም።

ስለ ሕጉ ያልከውን ሳነብላት መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። «እንግዲያው እራቴን ውጭ ልብላ?» አለች። ቀጥላ ግን ይህን ጻፊለት አለችኝ፤ ቃሏን ሳልነካ ነው የጻፍኩት። «እኔ የጠላሁት ድምፅ ዝቅ ማለቱን አይደለም። የሚወራበት ሰው እንዳይሰማ መባሉን ነው።»

እኔን ደግሞ ጠበቃህ ቢያስወጣኝ እወጣለሁ። መኪናዬ ቀላል ናት። እሷን ግን ማን ቀርቦ ይሰማታል? ቀርበው ካልሰሟት እኮ አትሰማም።

በካሴቱ ስምህን ጠርታለች። አልወጣ ሲላት ደጋግማ ሞከረች፤ አጠፋውና እንደገና እንጀምራለን ብላት እምቢ አለች። ባዶ ነው ብለህ እንዳትጥለው።

መርፌ

---

ሚያዝያ 2

ለእቴቴ፣ ለእናቴም ለአባቴም፤ መርፌ እንድታነብልሽ፣ ምንም ሳትዘልል፤

ጉልበትሽን ስሜያለሁ። አምላክ ትንፋሽሽን ይጠብቅልኝ፤ ሌላ ምርቃት አሁን አልመጣልኝም።

ካሴቱን ድምፅ በማይገባበት የምርመራ ክፍላችን ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ሰማሁት። «ጆሮዬ» ብለሽኛል። ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። ውጭ ያለው ሰው እንደማይሰማኝ ስለማውቅ ጮኼ አለቀስኩ።

ሥራውን ለሚማሩት ሁልጊዜ የምነግራቸው ነገር አለ። ሹክሹክታ ባለቤት የለውም እላቸዋለሁ፤ ትንፋሽ ብቻ ስለሆነ ወንድ ይሁን ሴት፣ እናት ይሁን ጠላት በድምፁ አይታወቅም። ይህን የማስተምረው እኔ ነኝ። ትንፋሽሽን ሰምቼ የደላላ ነው ያልኩትም እኔ ነኝ። ድምፅሽን ስፈልግ ስለነበር አንቺን ሰምቼ አለፍኩሽ።

የጥቅምቱን ካሴት እንደገና አወጣሁት። «ሌላ እንዳትነግሪው» የሚለው ላይ ነበር ያቆምኩት። አሁን አለፍኩት። መርፌ ተሰናብታኝ ካበቃች በኋላ፣ ቴፑ ከመዘጋቱ በፊት፣ አንድ ሹክሹክታ ቀርቶ ነበር። «ብርድ እንዳይመታው በይው። አንገቱን ይሸፍን» ትያለሽ። መርፌ ሳትደግመው ቴፑ ጠፋ። እንግዲህ በእኛ ሥራ የተነገረ ቃል ሁሉ ተደግሞ መሰማት አለበትና እኔ ልድገመው፤ ብርድ እንዳይመታኝ። አንገቴን እሸፍናለሁ።

ጠበቃውን አሰናብቻለሁ። ውክልናው በመርፌ ስም ተፈርሞ በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። የሚሻለውን እናንተ ታውቃላችሁ፤ ክፍሎቹ ይሸጡ ብትሉ ይሸጡ፣ ሕክምናሽን ግን ከእንግዲህ አብረን ነው የምንይዘው። ደወሉ ለብቻው በጥቅል ይመጣል። ሱቅ ውስጥ ያሉትን ሁሉ እየደወልኩ መርጬ ባለሱቁ ሊያባርረኝ ነበር።

መርፌ፣ እህቴ። ስለ አንቺ ለመካኒክ ሹክ ያልኩት እኔ ነኝ። ለጠበቃ ሹክ ያልኩት እኔ ነኝ። አንቺ ሳትሰሚ ጎረቤትሽን ያስጠየቅሁት እኔ ነኝ። በእቴቴ ሕግ ከሄድን በዚያ ቤት የሚያንሾካሹክ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ባሕር ማዶ ነው። በሐምሌ ፈቃድ ተሰጥቶኛል፤ እመጣለሁ። እራቴን ደጃፍ ላይ አስቀምጪልኝ፤ ሳልከራከር እበላለሁ።

እቴቴ፣ ስመጣ ወደ በር እንዳትወጪ። እኔ ገብቼ ጀርባዬን ሰጥቼሽ እቀመጣለሁ። አንድ ክንድ ያህል ራቂና የፈለግሽውን በይኝ።

ልጅሽ ጆሮ

---

ግንቦት 9

ለጋሼ ጆሮ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ሰላም ለእኛ እንኳ የለም። ደወሉ ደርሷል። ከደረሰ ጀምሮ መርፌ ወደቀ ብላ ትደውላለች፣ ዝንብ ገባ ብላ ትደውላለች፣ እኔ ሮጬ ስመጣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ትናንት ወደ ውጭ በር ወጥታ ደወለች። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። «ጥሩምባ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አሏት። አንድ በአንድ በየጆሯቸው ነገረቻቸው፤ ለመስማት ጎንበስ ያላለ አልነበረም።

እኔ በአንተ ተቀይሜያለሁ። ስትመጣ በደንብ እናገርሃለሁ፤ በሹክሹክታ እንዳይመስልህ።

ደብዳቤህን አንብቤላታለሁ፤ ምንም አልዘለልኩም። እራቴን ደጃፍ ላይ ያልከው ጋ ስደርስ ቁሚ ብላ ደወለች። ጆሮዬን አስጠጋሁላት። የሐምሌ ምሽት ይበርዳል፣ እራቱ ውስጥ ነው ብላለች።

መርፌ